ወንድሜ ያይ ነበር

ወንድሜ የወደቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ የሚኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ ነው። ታክሲውን አቁሞ ከኋላ ወንበር ጃኬቱን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ እዚያው ቀረ። ውሻዋን ልታናፍስ የወጣች ጎረቤቱ ናት ያገኘችው። እኔ ያኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር፤ ክሪስታል ሲቲ ባለ አንድ ሆቴል ፍሮንት ዴስክ እሠራ ነበር። ከሆስፒታል ኮል ሲያደርጉልኝ ሻንጣው የጠፋበት እንግዳ ፊቴ ቆሞ ይቆጣ ነበር። ስልኩን ዘግቼ እንግዳውን "ይቅርታ" አልኩትና ወጣሁ። ሰውየው ከኋላዬ እየጮኸ ነበር።

"ስትሮክ ነው" አሉኝ። አርባ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጭንቅላትና አንገት ሣለልኝና ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ በእስክሪብቶ አጠቆረው።

"ጉዳቱ እዚህ ነው። ትንሽ ቦታ ናት፤ ግን ከአንጎል ወደ ሰውነት የሚሄደው ሁሉ የሚያልፈው በዚህች ነው።"

እናትና አባታችን ደሴ ሞተዋል። እዚህ አገር ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ ያመጣሁትም እኔ፣ ታላቅ እህቱ፣ ነኝ። ሐኪሞቹ የሚያወሩት ለእኔ ነበር፤ የምወስነውም እኔ ነበርኩ። ጉሮሮውን በስተው አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አደረጉለት፤ ሆዱን በስተው ምግብ የሚገባበት ቱቦ አስገቡለት። እጁ አይንቀሳቀስም፤ ከንፈሩም አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ግን ክፍት ነበር።

"ዓይኑ እኮ ክፍት ነው" አልኩት ሐኪሙን።

"ክፍት ነው ማለት ያያል ማለት አይደለም" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ተስፋ አድርጌ እንዳልጎዳ ብሎ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አልጋ የያዙ ሰዎች የሚጦሩበት አንድ ነርሲንግ ሆም ቦታ ተገኘለት። እኔ የጠዋት ሺፍቴን እጨርስና በድልድዩ ወንዙን ተሻግሬ፣ ቤልትዌይ ላይ ከመኪናው ሰልፍ ጋር እየተጎተትኩ እሄድ ነበር። ክፍሉ ባለ ሁለት አልጋ ነው፤ መሐሉን መጋረጃ ይለየዋል። በመስኮቱ በኩል ወንድሜ፣ በበሩ በኩል አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ። ሽማግሌው የመርሳት በሽታ ይዟቸው ከቆዩ በኋላ ሰውነታቸውም እጅ ሰጥቷል። ሚስታቸው በየቀኑ ይመጣሉ። ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ሳሪያቸውን በስኒከር ጫማ ይለብሱና ከላይ የባላቸውን ሰፊ ካፖርት ይደርባሉ። ክዳን ባለው የብረት ሳህን እርጎ የተቀላቀለበት ሩዝ ይዘው መጥተው በማንኪያ ያጎርሷቸዋል።

አንድ ቀን ሽማግሌው ሩዙን ፊታቸው ላይ ተፉባቸው። ሴትየዋ ፊታቸውን ጠረጉና ወሬያቸውን ካቋረጡበት ቀጠሉ። ስለ ልጃቸው አዲስ ቤት ነበር የሚያወሩት።

"ባለቤትዎ ያውቁዎታል?" አልኳቸው። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው መጀመሪያ ሰሞን እንዴት ልጥራቸው ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ኋላ የአገራቸው ልጆች እንደሚሉት "አንቲ" ማለት ጀመርኩ።

"አያውቀኝም።"

"ታዲያ ለማን ነው የሚያወሩት?"

"ለሚያየው" አሉኝ።

አልገባኝም። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። በአገራቸው የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሕዝባቸውን ፍልስፍና ያስተማሩ ሴት መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አነጋገራቸው የክፍል ነበር፤ ይጠይቃሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ።

"ትናንት እንቅልፍ ወሰደሽ?"

"አዎ።"

"ሕልም አየሽ?"

"ኧረ ድክም ብሎኝ ነበር። ምንም ሳላውቅ ነው ያደርኩት።"

"ምንም ካላወቅሽ፣ ምንም አለማወቅሽን ማን አወቀው?"

 እሳቸው ፈገግ አሉ፤ ለተማሪዎቻቸውም እንዲሁ ሳይሉ አይቀሩም።

"ሳክሺ እንለዋለን። ምስክር ማለት ነው" አሉና ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት አሳዩኝ። "ሐኪም ሲገባ ሐኪሙ በዚህ ብርሃን ይታያል። የባሌ ሰገራ ሲጠረግም ሰገራው በዚሁ ብርሃን ይታያል። መብራቱ ግን አይቆሽሽም። ሁላችንም ስንወጣ ባዶውን ክፍል ያበራል። ሐሳብ መጥቶ ይሄዳል፤ ሕመም መጥቶ ይሄዳል። ያን ሁሉ የሚያየው ግን አይታመምም፣ አያረጅም። ባሌ ስሜን ረስቶታል። መርሳቱን የሚያየው እሱ ውስጥ አለ፤ እኔ የማወራው ለዚያ ነው።"

ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። እኔ በማውቀው የሚያየን አላህ ነው። ውስጤ የማይሞት፣ የማይነካ ሌላ ተመልካች አለ ማለት ሽርክ፣ ለአላህ ተጋሪ ማድረግ፣ መሰለኝ። ነገርኳቸው፤ አልተከራከሩኝም። "ያንቺን ያዢ፤ እኔ የማውቀውን ነው የነገርኩሽ" አሉና ወደ ሩዛቸው ተመለሱ።

ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤልትዌይ ላይ ቆሜ አስበው ነበር። ወንድሜ ውስጥ የሚያይ ካለና ያ የሚያየው ሕመም የማይደርስበት ከሆነ፣ የሆነውን ሁሉ መቻል የምችል መሰለኝ። ሳልሰግድበት፣ ለኢማምም ሳልናገር፣ እንደ ማስታገሻ ወሰድኩት። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ዓይኑን እያየሁ፣ "እዚያ ውስጥ ሰላም ነህ" እለው ነበር በልቤ።

ክረምቱን በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያዘው። ወደ ሆስፒታል ይወስዱታል፤ ይመልሱታል። በመጨረሻ የነርሲንግ ሆሙ ሐኪምና ቤተሰብ የምታማክረው ሶሻል ወርከር አነጋገሩኝ፤ ሌላ ክፍል አልወሰዱኝም፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ነው ያወሩኝ። ሐኪሙ፣ "ወንድምሽ ምንም አያውቅም። የሚቀጥለው ኢንፌክሽን ሲመጣ ሆስፒታል ባንልከው፣ እዚሁ ምቾቱን ብንጠብቅለትና ብንለቀው ይሻላል" አለኝ። ሶሻል ወርከሯ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "አሁን መወሰን የለብሽም፤ አስቢበት" አለችኝ። የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምኩ። እሺም እምቢም አላልኩም።

በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ሳለሁ አንቲ ኮል አደረጉልኝ። ደውለውልኝ አያውቁም ነበር።

"የሳህኑ ክዳን ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ" አሉ።  "ወንድምሽ ዓይኑን ወደ ታች ልኮ ተከተለው። ከዚያ 'ይቅርታ፣ አስደነገጥኩህ?' ስለው ወደ ላይ አየ። እንደገና ጠየቅሁት፤ እንደገና ወደ ላይ አየ። ልጄ፣ ፍልስፍናዬን አይደለም የምነግርሽ። በዓይኑ ነው የሚያየው።"

ስደርስ የተረኛዋ ነርስ ቀድማኝ አልጋው አጠገብ ቆማለች። "ሪፍሌክስ ነው፣ ሳያውቀው የሚመጣ፤ ያጋጥማል። ተስፋ እንዳታደርጊ" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ በአማርኛ፣ "ከሰማኸኝ ወደ ላይ እይ" አልኩት።

ወደ ላይ አየ።

"እኔ እህትህ ከሆንኩ ወደ ላይ እይ።" ወደ ላይ አየ። "ታላቄ ነህ?" ወደ ታች አየ።

እንዴት እንደጮኽኩ አላስታውስም፤ ከኮሪደሩ ሰው እየሮጠ መጣ። አንቲ መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው ቆመዋል።

አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ በማግስቱ መጥታ መረመረችው። አእምሮው ደህና ነው፤ የተቆለፈው ሰውነቱ ነው፤ የቀረለት ዓይኑን መጨፈንና ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ብቻ ነው አለችኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። የኤቢሲዲ ሰሌዳ አመጣችለት፤ እኛ ግን በራሳችን ፊደል ነው የጀመርነው። እኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ እወርዳለሁ፤ የሚፈልገው ፊደል ላይ ስደርስ ወደ ላይ ያያል። ከዚያ ያን ፊደል እንደ ልጅነታችን መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያልኩ እዘረዝረዋለሁ፤ እንደገና ያስቆመኛል። አንድ ቃል ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ላብ ያጠምቀዋል።

የመጀመሪያው ቃሉ ላይ "ደ"ን አልፌ "ጀ" ላይ ስደርስ አስቆመኝ። ቀጥሎ ር፣ ቀጥሎ ባ።

"ጀርባ? ጀርባህን ያምሃል?"

ዓይኑን ወደ ላይ ላከውና አልመልሰው አለ።

ጀርባው ላይ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ቁስል ነበረው። ከመተኛት ብዛት የመጣ፣ ጥልቅ ቁስል ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። በየጊዜው ይጠርጉታል፣ የሞተውን ሥጋ እየፋቁ ያነሱለታል፣ ያሽጉታል። ማስታገሻ አልነበረም፤ አይሰማውም ተብሎ ነው። ነርሷ ስትሠራ በጎኑ ይዤ የምደግፈው እኔ ነበርኩ። ስለ ትራፊኩ፣ ስለ በረዶው እያወራን ነበር የምትፍቀው። ፊቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑ ደረቴ ላይ ሆኖ።

ወደ ነርሷ ሄጄ አሁኑኑ ማስታገሻ ይታዘዝለት አልኳት።

ስመለስ አንቲን ገጠምኳቸው። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። "የሚያየው አይታመምም ብለውኝ አልነበረም? ይኸው! ሲያይም ነበር፣ ሲያመውም ነበር!"

 ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "ስንት ክፍል ሙሉ ልጆች አስተማርኩት" አሉ። "እዚህ አልጋ ላይ ያለ ሰው ጠይቄ ግን አላውቅም።" ከዚያ ቀና ብለው፣ "ትጠይቂልኛለሽ? ሲያምህ፣ ውስጥህ ሕመሙ ያልደረሰበት ቦታ ነበር ወይ በይው።"

ልጠይቀው አልፈለግሁም ነበር። ግን እሱ ሰምቷቸዋል፤ እንግሊዝኛ ያውቃል። እስክተረጉምለት አልጠበቀም። ወደ ታች አየ።

ከዚያ በኋላ አንቲ ለብዙ ቀን ወደ እኛ ወገን አልመጡም። መጋረጃው ተዘግቶ ባላቸውን ሲያጎርሱ ብቻ እሰማ ነበር፤ ወሬያቸውንም ትተውት ነበር።

ወንድሜ ማስታገሻ ተጀመረለት፤ ፊቱ እየጠራ ሄደ። እኔን የጠየቀኝን ነገሮች ሁሉ እዚህ ልጽፋቸው አልችልም። አንዱን ብቻ ልናገር። "ሐኪሙን ሰማሁት" ብሎ ፊደል በፊደል ነገረኝ።

"ያንን ያለውን? እንልቀቀው ያለውን?"

ወደ ላይ አየ። ቀጠለ። "ምን ልትዪ ነበር?"

"አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነው። "ገና አላወቅሁም ነበር።"

ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፊቱን ያዞር ነበር፤ እሱ ያለው መጨፈን ብቻ ነው።

ጸደይ ሲገባ አንድ ከሰዓት፣ ሳልጠይቀው፣ "አንዳንዴ" አለ።

"አንዳንዴ ምን?"

ዓይኑን ወደ መጋረጃው መላክ አይችልም፤ ግን አንቲን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ጠርቼ አመጣኋቸው። የዚያን ቀንና የሚቀጥለውን ጉብኝቴን በሙሉ ፈጅቶ እንዲህ አለ፦ ሕመሙ በጣም ሲብስ አንዳንዴ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ሕመሙ እዚያው ይቀራል። እኔ አየዋለሁ።

ስተረጉምላቸው አንቲ ክንዴን ያዙኝ። ጣታቸው እንደዚያ ጠንካራ ነው ብዬ አላስብም ነበር። "እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው! እዚያ ምን አለ? ሰላም አለ በይው።"

ወንድሜ ወደ ታች አየ።

"ምን አለ ታዲያ?" አልኩት።

ፊደሉን ጀመርኩ። ሰ። ሰው። ከዚያ የ፣ ከዚያ ለ፣ ከዚያ ም።

ሰው የለም።

ለአንቲ ነገርኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ፣ የማይንቀሳቀሰው እግሩ አጠገብ ተቀመጡና በሳሪያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። "እኛም እንደዚያ ነው የምንለው" አሉኝ ኋላ፣ ቀስ ብለው። "ሁለተኛ የሌለው አንድ ነው እንላለን። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ትልቁ ደስታ ይህ ነው ብዬ ነበር የማስተምራቸው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሩዛቸውን ባላቸውን ካጎረሱ በኋላ መጋረጃውን ይከፍቱትና በሁለቱ መሐል ይቀመጣሉ። የሚያወሩት ለሁለቱም ነው። እኔ ሥራ ላይ ስሆን ወንድሜ ብቻውን አልነበረም። ስለ ምን እንደሚያወሩ ስጠይቀው አንድ ጊዜ "ጎመን" አለኝ፤ ሌላ ጊዜ "አማቻቸው"። ዓይኑ እንደ መሳቅ ይል ነበር።

በጋ ላይ ሽማግሌው ሞቱ። አንቲ ከሽኝታቸው በኋላም መምጣት አላቆሙም፤ ልጃቸው ከሥራ በፊት ታደርሳቸዋለች። ባዶው አልጋ ላይ ሌላ ሰው ሲተኛም ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ስበው ተቀመጡ።

ቅዝቃዜው ሲመለስ ኢንፌክሽኑ ሳንባው ውስጥ ገባ። ሆስፒታል ወሰዱት። አንዲት ወጣት ሐኪም ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ተነጋገረች፤ ለዚህ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ። ፊቱ ፊት ቆማ፣ "መተንፈሻ ማሽን ላይ ላደርግህ እችላለሁ። ትፈልጋለህ?" አለችው።

ወደ ታች አየ።

"ካላደረግን ትሞታለህ። ገብቶሃል?"

ወደ ላይ።

እኔ በአማርኛ ደገምኩለት። ያንኑ መለሰ። "በእኔ ምክንያት ነው? ደክሞኛል ብለህ ነው?" ወደ ታች። "ፈርተሃል?" ወደ ላይ።

ፊደሉን ልጀምር ስል ዓይኑ ቸኮለ። አ። ት። ከዚያ ሂ ላይ አስቆመኝ።

"አትሂጂ?"

አልሄድኩም። ወንበር ስቤ ፊቱ ፊት፣ ወደ ላይ ቢያይም ወደ ታች ቢያይም እንዲያገኘኝ አድርጌ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቀትር አካባቢ አተነፋፈሱ ተለወጠ። የእምነታችንን ምስክርነት፣ ሸሃዳውን፣ በጆሮው አልኩለት። እመሰክራለሁ ስል ወደ ላይ አየ። እንደገና እመሰክራለሁ ስል ወደ ላይ አየ። በሦስተኛው ዓይኑ ወደ ላይ እንደሄደ አልተመለሰም። ትንሽ ቆየሁና የጨፈንኩለት እኔ ነኝ።

የቀበርነው ቨርጂኒያ ነው። ወንዶቹ መቃብሩ ላይ ሲሆኑ ሴቶቹ ራቅ ብለን ቆመን ነበር። አንቲ በነጭ ሳሪ፣ በዚያው ካፖርት፣ በልጃቸው ተደግፈው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ነፋሱ ይጋረፍ ነበር።

"አንቲ፣ ያ የሚያየው አሁን የት ነው?" አልኳቸው።

"ተማሪ ጠይቃኝ ቢሆን ወዲያው እመልስላት ነበር" አሉኝ።  እጄን ይዘው እስኪያልቅ ድረስ ቆሙ። በዚያው ዓመት ልጃቸው ሥራ ለውጣ ወደ ሌላ ስቴት ይዛቸው ሄደች።

ከቀብሩ በኋላ የወንድሜን ዕቃ ለመውሰድ ወደ ነርሲንግ ሆሙ ሄድኩ። አንድ ከረጢት ነው፤ ጃኬቱ፣ ሬዲዮው፣ የታክሲ ሥራ ጊዜ ኮፍያው። ከረጢቱን የሰጠችኝ ጠዋት ጠዋት ታገላብጠው የነበረችው ረዳት ናት፤ እሷም ከሌላ አገር የመጣች፣ ዝምተኛ ሴት። ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ነቅቶ እንደሚሰማ ሳናውቅ ያገላበጥኩት ያን ሁሉ ጊዜ ያመው ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ማንም አልነገረን።"

"አዎ" አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ከኮሪደሩ ጫፍ የአንድ ሕመምተኛ ደወል ጮኸ፤ ዓይኗን ጠርጋ ወደዚያው ሄደች። እኔም ከረጢቱን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ።